ፕሮጀክቱ ተመርቋል፤ ካርድ ክፍሉ ግን ዛሬም በወረቀት ነው

(ደሴ ላይ ለመምህራን፣ ለጤና ባለሙያዎችና ለመመረቂያ ዓመት ተማሪዎች የቀረበ ንግግር። ከመጠነኛ የፊደል እርማት በቀር እንደተነገረ ተቀምጧል።)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ሥራችሁን አቋርጣችሁ ከሆስፒታልና ከጤና ጣቢያ የመጣችሁ ባለሙያዎች፣ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ የደረሳችሁ ተማሪዎች፤ አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የተሰጠኝ ርእስ የዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ፕሮጀክቶች ለጤና ምርምር፣ ለመማር ማስተማሩና ለተማሪዎች አገልግሎት ስለሚሰጡት ጥቅም ነው። ጥቅሙን የሚጠራጠር ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ጥያቄውን ገልብጬ ልጀምር፦ እነዚህ ፕሮጀክቶች የት ላይ ነው የሚወድቁት? ለምንስ ነው የሚወድቁት?

የመመረቂያ ፕሮጀክቶችን ርእስ ተመልከቱ። የሆስፒታል ካርድ አያያዝ፣ የዶርም ምደባ፣ የክሊራንስ፣ የካፌ ሚል ካርድ። በየዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ይሠራሉ። ተማሪው ዲፌንስ ያደርጋል፣ ጥሩ ውጤት ያገኛል፣ ጥራዙ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። በዓመቱ ሌላ ቡድን ያንኑ ርእስ ይዞ ከዜሮ ይነሳል። ካርድ ክፍሉ ግን ያው ካርድ ክፍል ነው። እናት ልጇን አዝላ መስኮቱ ላይ ቆማ ካርዱ እስኪገኝ ትጠብቃለች፤ ካልተገኘ አዲስ ካርድ ይወጣላትና የልጁ የቀድሞ ታሪክ እዚያው አቧራ ውስጥ ይቀራል።

ለምን? ልጆቻችን ፕሮግራም መጻፍ አቅቷቸው ነው? አይደለም። ደግሜ እላለሁ፣ አይደለም። ሌላው ዓለም ሠርቶ በነፃ የሰጠውን እንደ አዲስ ስንሠራ ጊዜያችን ያልቃል፤ ከእኛ በቀር ማንም የማይሠራልን ክፍል ደግሞ ሳይነካ ይቀራል። ዛሬ የምለምናችሁ ይህን ቅደም ተከተል እንድትገለብጡት ነው።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። የጤና ምርምር መረጃ፣ የማስተማሪያና የተማሪ አገልግሎት፣ በመጨረሻም ርክክብ። የመጀመሪያው ላይ ብዙ እቆያለሁ። እዚያ የሚሠራ ስሕተት ሰው ይጎዳልና።

በነፃ የተሰጠን ምንድን ነው? ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጥራ። የጤና ሪፖርት መሰብሰቢያ የሆነውን ዲኤችአይኤስ 2ን ውሰዱ። ሥሩ በ1994 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከአፓርታይድ ማግስት የተጀመረ ሥራ ነው፤ ዛሬ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ይመራዋል፤ የእኛም ጤና ሚኒስቴር ሪፖርት የሚሰበስበው በእሱ ነው። ኦፕን ኤምአርኤስን ውሰዱ። የኬንያው ሞይ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች በ2001 ሞሶሪዮት በምትባል የገጠር ጤና ጣቢያ አንድ ትንሽ የታካሚ መዝገብ ሥርዓት አቆሙ። ከእሱ በተገኘው ትምህርት ኦፕን ኤምአርኤስ በ2004 ተጀመረ። ልብ በሉ፤ ዩኒቨርሲቲ ነው የጀመረው፤ የጀመረውም ከአንዲት የገጠር ጤና ጣቢያ ነው። በስልክ መረጃ ለመሰብሰብ ኦዲኬ አለ፣ ኮቦ አለ። ለክሊኒክ ጥናት ሬድካፕ አለ፤ ትርፍ ለማይሠሩ ተቋማት ስምምነት ፈርመው በነፃ ይወስዱታል። ለማስተማር ሙድል ከ2002 ጀምሮ አለ።

እነዚህን እንደገና መጻፍ የለብንም። ታዲያ የእኛ ሥራ የት ነው ያለው? ቀን ላይ፣ ስም ላይ፣ ፊደል ላይ፣ መብራት ላይ።

ከቀን ልነሳ።

አንድ መረጃ ሰብሳቢ ተሁለደሬ ወረዳ ውስጥ አንድ ቤት ገብቶ የሕፃኑን ልደት ይጠይቃል እንበል። እናት "ሰኔ 10 ቀን 2014" ትላለች። ሰኔ 10ኛው ወር ነው፤ ሰብሳቢው 10/10/2014 ብሎ ያስገባል። ፎርሙ የሚያውቀው የፈረንጅ ካሌንደር ብቻ ከሆነ ምንም ሳይል ይቀበላል፤ ኦክቶበር 10 ቀን 2014 ብሎ ይመዘግባል። እውነተኛው ቀን በፈረንጅ ጁን 17 ቀን 2022 ነው። ኅዳር 2018 ላይ ዕድሜ ሲሰላ የ3 ዓመቱ ልጅ የ11 ዓመት ልጅ ሆኖ ይወጣል። ጥናቱ ከ5 ዓመት በታች ስላሉ ሕፃናት ከሆነ ያ ልጅ ከጥናቱ ወጣ። ክትባቱም ክብደቱም አብሮት ወጣ። ማንም ሳያውቅ።

የባሰው ደግሞ ማሽኑ እንቢ ሲል ነው። ጥቅምት 30 የተወለደ ልጅ 30/2 ተብሎ ሲገባ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ፎርሙ ይከለክላል። ሰብሳቢው ደክሞታል፣ መሽቷል፣ ገና ሦስት ቤት ይቀረዋል፤ 28 ብሎ ያልፋል። ጳጉሜ 13ኛ ወር ነው፤ እንቢ ይላል፤ 12 ብሎ ያልፋል። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ላይ ያለው ማሽኑ የፈቀደው ቀን ነው እንጂ የልጁ ልደት አይደለም።

ነፍሰ ጡር እናት ጋ ስትመጡ ቀናት ራሳቸው ይቆጠራሉ። መስከረም 1ን ሴፕቴምበር 1 አድርጎ የሚተረጉም ሰው 10 ቀን፣ አንዳንድ ዓመት 11 ቀን ይስታል። 37 ሳምንት የሞላውና ያልሞላው ፅንስ በሚለይበት መስመር ላይ 10 ቀን ቀላል ነገር ነው? ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ሰዓት 1:00 ላይ ነው የተወለደው፤ ቁጥሩ እንዳለ 7:00 ተብሎ ከገባ 6 ሰዓት ተንሸራተተ።

መፍትሔው ቀላል ነው። የኦዲኬና የኮቦ ፎርም በኤክሴል ይሠራል፤ ጥያቄዎቹ ያሉበት ገጽ፣ የምርጫ መልሶች ያሉበት ገጽ፣ የቅንብር ገጽ። ጥያቄዎቹ ባሉበት ገጽ ላይ "አፒራንስ" በሚባለው ዓምድ፣ በቀኑ ጥያቄ ትይዩ፣ "ኢትዮጵያን" የሚለውን ቃል በላቲን ትንንሽ ፊደል ትጽፋላችሁ። በቃ። ስልኩ መስከረም፣ ጥቅምት እያለ ያሳያል፤ በውስጥ ግን የፈረንጁን ቀን ያስቀምጣል። ዲኤችአይኤስ 2ም በቅንብሩ ውስጥ የኢትዮጵያን ካሌንደር ይዟል። የራሳችሁን ፕሮግራም የምትጽፉ ከሆነ ዳታቤዝ ውስጥ አንድ ቀን ብቻ ይቀመጥ፤ በፈረንጅ ይሁን፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል። ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀየረው ስክሪን ላይ ሲታይ ብቻ ነው። ሁለቱን ቀን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ሁለቱንም ለማረም ከፈቀዳችሁ ውለው አድረው ይጣላሉ። ኮዳችሁን ስትፈትኑ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ፈትኑት፤ ጳጉሜ 6 እዚያ ነው ያለችው። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ይሁን፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ይሁን፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ተመልሶ ሴፕቴምበር 11 ይሁን። ይህን ያለፈ ኮድ ይታመናል።

እናት ቀኑን የማታውቅ ከሆነስ? "ለፍልሰታ ሰሞን"፣ "ረመዳን ሊገባ ሲል" ትላለች። ይህ መልስ ነው፤ ጥሩ መልስ ነው። ነገር ግን ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል፤ ስለዚህ ለየዓመቱ የጾምና የበዓላትን ቀን የያዘ ዝርዝር ተዘጋጅቶ ሰብሳቢው እጅ ላይ መኖር አለበት። ይህን ዝርዝር ኦስሎ ያለ ሰው አይሠራልንም።

ወደ ስም ልለፍ። አገራችን ውስጥ ለረጅም ዓመታት የቤተሰብ ክትትል የሚደረግባቸው የጥናት ቦታዎች አሉ። ቡታጅራ ከ1986 ጀምሮ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲው ዳባት ከ1996 ጀምሮ፣ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲው ቀርሳ ከ2007 ጀምሮ፤ ሁሉም በፈረንጅ። የእነዚህ ቦታዎች ዋጋ ያለው ያው ሰው ከዓመት ዓመት ያው ሰው መሆኑ በመታወቁ ነው። የተጣራ መለያ ከሌለ ክትትል የለም።

እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። ወሎ ውስጥ ደግሞ አንዱን ሰው ካርድ ክፍል ሙሐመድ ይለዋል፣ ላቦራቶሪ መሀመድ ይለዋል፣ ፋርማሲ ሙሃመድ ይለዋል። ኃይሉና ሀይሉ፣ ፀሐይና ጸሀይ ለኮምፒውተር የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ገ/መድኅን አለ፣ ገብረ መድኅን ተነጥሎ አለ፣ ገብረመድኅን ተያይዞ አለ። ሐጂ፣ ሼህ፣ ወ/ሮ የሚል ማዕረግ ስም ውስጥ ይገባል።

እንዴት ይሠራል? ሰውየው የተጻፈበት ስም እንዳለ በአንድ ዓምድ ይቀመጥ፤ ማንም አይንካው። ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ሰው የማያየው ሌላ ዓምድ ይኑር። እዚያ ውስጥ ሐና ኀ ወደ ሀ ይመለሱ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። ክፍት ቦታው፣ እዝባሩ፣ ማዕረጉ ይውጣ። ከዚያ አንድ እርምጃ ቀጥሉ። ፊደላችን በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተር ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጥበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ፣ በ8 በ8 ተደርድሯል። ሀ በ16 ቤት ቁጥር 1200 ላይ ይጀምራል፤ ለ 1208 ነው፤ ሐ 1210 ነው። ስለዚህ የማንኛውንም ፊደል ቁጥር ወስዳችሁ የመጨረሻዎቹን 3 ቢት፣ ማለትም ኮምፒውተር ቁጥሩን በ0 እና በ1 ሲጽፍ ያሉትን የመጨረሻ 3 ቦታዎች፣ ዜሮ ብታደርጉ ግዕዙን ታገኛላችሁ። ሙሐመድም፣ መሀመድም፣ ሙሃመድም "መሀመደ" ሆነው ይገናኛሉ። አንድ መስመር ኮድ ናት። ቈ፣ ጐ የመሳሰሉት የራሳቸው ረድፍ ስላላቸው ለብቻቸው ይያዙ።

ነገር ግን ተጠንቀቁ። በዚህ መንገድ ሰሚርና ሰሚራም አንድ ይሆናሉ፤ ሁለቱም "ሰመረ" ይወጣሉ። አንዱ ወንድ ነው፣ አንዷ ሴት ናት። ስለዚህ ማሽኑ በራሱ ሥልጣን ሁለት ካርድ ማዋሐድ የለበትም። ተመሳሳዮቹን ፆታቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ ቀበሌያቸውንና ስልካቸውን ጨምሮ ለካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ያሳይ፤ የሚወስነው እሱ ነው። የሌላ ሰው የደም ዓይነት የሰፈረበት ካርድ ምን እንደሚያደርግ እዚህ ያሉ ነርሶች ያውቁታል።

ለካርድ ቁጥሩም ማረጋገጫ አሃዝ ጨምሩበት። ሉን የሚባለው ስሌት አንድ አሃዝ ተሳስቶ ሲገባ ሁልጊዜ ይይዛል፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ቦታ ሲቀያየሩም 0 እና 9 ካልሆኑ በቀር ይይዛል። ድካሙ የግማሽ ቀን ነው።

ስለ ፊደል ትንሽ ልበል። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በፈረንጅ ነው። ከዚያ በፊት በተሠሩ ፎንቶች የተጻፉ ፋይሎች ዛሬም በየቢሮው አሉ፤ ውስጣቸው ላቲን ነው፣ ላያቸው ብቻ ግዕዝ ለብሷል። ወደ ዳታቤዝ ከመግባታቸው በፊት መቀየሪያ ያስፈልጋቸዋል። ከኦዲኬ የወረደውን ሲኤስቪ የሚባል የሰንጠረዥ ፋይል ደግሞ ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ በኤክሴል አትክፈቱት። አማርኛው ሊበላሽ ይችላል፤ የ09 እና የ07 ስልኮች መነሻ ዜሮ ይጠፋል፤ ከ15 አሃዝ በላይ ያለው ቁጥር መጨረሻው ዜሮ ይሆናል። ከዳታ ትር ገብታችሁ ኢምፖርት አድርጉ፣ የዩኒኮድ ጽሑፍ አቀማመጥ የሆነውን ዩቲኤፍ-8ን ምረጡ፣ ስልክና የመለያ ቁጥር ያለበትን ዓምድ ጽሑፍ ነው በሉት። ባለ 16 አሃዝ መለያ ካላችሁ በተለይ። አንዴ ሴቭ ከተደረገ በኋላ የጠፋው አሃዝ አይመለስም።

ፎርም ስታዘጋጁ ገደብ አስገቡ፤ ግን ሰውን አታስጨንቁ። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የክንድ ዙሪያ መለኪያ እዩ። ከ115 ሚሊ ሜትር በታች ከባድ የምግብ እጥረት ነው፤ ከ115 እስከ 125 ያለው መካከለኛ ነው። አንዱ 11.5 ይጽፋል፣ አንዱ 115 ይጽፋል። ከ60 በታች ቁጥር ሲገባ ፎርሙ "በሴንቲ ሜትር ነው የጻፍከው?" ብሎ ይጠይቅ። ክብደትም ያው ነው፤ 2,500 ግራምና 2.5 ኪሎ አንድ ዓምድ ውስጥ መገናኘት የለባቸውም። ግዴታ የምታደርጉት ጥያቄ ሁሉ ደግሞ "አላውቅም" የሚል መልስ ይኑረው። መውጫ በሌለበት ሰው ይፈጥራል፤ የተፈጠረ መልስ ደግሞ ከእውነተኛው አይለይም። ባቲና ከሚሴ አካባቢ የምትወጡ፣ ፎርሙን በአማርኛ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ኦሮምኛውን እዚያው ጠያቂው በቃሉ ሲተረጉመው አሥር ጠያቂ አሥር ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃል።

ስለ ምስጢር። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ ከሚደረግለት ወገን ነው። አዋጁ ባይኖርስ? የሰው ገመና ነው እኮ። ስምና ስልክ በአንድ ፋይል፣ የምርመራ ውጤት በሌላ ፋይል፣ የሚያገናኛቸው ቁልፍ ዋና ተመራማሪው ጋ። ስሙን ማውጣት ብቻውን አይበቃም። "ኩታበር፣ የዚህ ቀበሌ፣ 19 ዓመት፣ መንታ የወለደች" ካላችሁ አገሬው ማን እንደሆነች ያውቃል። ፕሮግራም የሚጽፉ ተማሪዎች በእውነተኛ የታካሚ መረጃ መፈተን የለባቸውም፤ ፈጠራ ስሞች ይዘጋጁላቸው። የመዝገብ ገጽ በስልክ አንስቶ በቴሌግራም መላላክ ደግሞ ይቁም። ይህን ለመምህራንም፣ ለሐኪሞችም፣ ለተማሪዎችም እኩል ነው የምለው። ይቁም።

መብራት ላይ ደረስን። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በሚይዘው በባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ነው። ሲባዛ 84 ዋት-ሰዓት። 100 ዋት የሚበላ ኮምፒውተር ብታስሩበት ወረቀት ላይ 50 ደቂቃ ይሆናል። በተግባር ባትሪው በፍጥነት ሲሟጠጥ ያለውን ሁሉ አይሰጥም፣ ዩፒኤሱም ለራሱ ይወስዳል፤ ግማሹን ካገኛችሁ ጥሩ ነው። 15 ዋት የሚበላ ትንሽ ኮምፒውተር ብታስሩበት ግን ሰዓታት ይሄዳል። ለአንድ ክፍል መዝገብ ደግሞ ትንሹ ኮምፒውተር ይበቃል። ትልቅ ሰርቨር ግዢ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን አስሉ። ራስበሪ ፓይ የሚባለውን ትንሽ ኮምፒውተር የምትጠቀሙ ዳታቤዙን ሜሞሪ ካርድ ላይ አታስቀምጡ፤ መብራት በተደጋጋሚ ሲቋረጥ ካርዱ ይበላሻል፤ ኤስኤስዲ የሚባለውን ዲስክ ግጠሙለት። ዩፒኤሱ የዩኤስቢ ገመድ ይዞ ከመጣ ካርቶን ውስጥ አይቅር፤ አውጡት። ኮምፒውተሩ ባትሪው ማለቁን የሚያውቀውና ዳታቤዙን በሥርዓት ዘግቶ የሚጠፋው በእሱ ነው። ባትሪው ሙቀት አይወድም፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል። የኮምቦልቻ ልጆች ዩፒኤሱን የት እንደምታስቀምጡ አስቡበት።

መጠባበቂያ ቅጂስ? ደንቡ ይታወቃል፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። እኛ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ግቢ አለን፤ አንዱ ደሴ፣ አንዱ ኮምቦልቻ፤ በመካከላቸው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። ለእሳትና ለጎርፍ ይህ ይበቃል። ግን በ2014 ጥቅምት የሆነውን እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ጦርነቱ ሁለቱም ከተሞች ውስጥ በአንድ ሰሞን ገባ። ሆስፒታሉም ዩኒቨርሲቲውም ተዘረፉ፣ ወደሙ። ማሽን ይገዛል፤ የዓመታት የታካሚ ታሪክና የጥናት መረጃ ከየት ይገዛል? ስለዚህ ሦስተኛው ቅጂ በምስጢር ቁልፍ ተቆልፎ ከወሎ ውጭ ይሁን፤ ቁልፉም ሁለት የተለያዩ ሰዎች ጋ ይኑር። በየመንፈቁ ደግሞ ቅጂውን ባዶ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ ክፈቱት። ሲመለስ ያላያችሁትን ቅጂ አለኝ አትበሉ።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ማስተማርና የተማሪ አገልግሎት። ማስተማሩን ባጭሩ አልፈዋለሁ።

የአንድ ሰዓት ሌክቸር ቪዲዮ ብዙ መቶ ሜጋባይት ነው፤ ተማሪው በራሱ ካርድ ነው የሚያወርደው። ያው ሌክቸር በድምፅ ብቻ፣ በሰከንድ 32 ኪሎቢት፣ 14.4 ሜጋባይት ነው። ድምፁንና ስላይዱን ለይታችሁ ስጡ፤ ቪዲዮ ለቀዶ ሕክምና፣ ለአናቶሚ፣ እጅ መታየት ላለበት ነገር ብቻ ይሁን። የሙድል የስልክ መተግበሪያ ትምህርቱን አውርዶ ያለ ኔትወርክ ያሳያል፤ ፈተናም ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን በየፈተናው ቅንብር ውስጥ መፈቀድ አለበት። ብሔራዊው የመውጫ ፈተና በእኛ አቆጣጠር በ2015 በኮምፒውተር ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ክፍሎች የልምምድ ፈተና ይሰጣሉ። እዚያ ላይ ሰርቨር የሚወድቀው መቶዎቹ ተማሪዎች በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሲገቡ ነው። ቀድመው ይግቡ፣ ከዚያ ፈተናው ይከፈት። በአንድ ገጽ አንድ ጥያቄ ሳይሆን አምስት አድርጉ፤ ሰርቨሩ ላይ የሚመጣው ጥያቄ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሰርቨሩ ግቢ ውስጥ ከሆነ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ፈተናው አይቋረጥም። ለጤና ተማሪዎች ደግሞ ሂናሪን አስተምሯቸው። በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በፈረንጅ ከ2002 ጀምሮ እንደ እኛ ላሉ አገሮች የጤና ጆርናሎችን ይከፍታል፤ አለመጠቀማችን ያሳዝናል።

የተማሪ አገልግሎት ላይ ሁለት ነገር በቅርብ ላሳያችሁ።

አንደኛው የካፌ በር ነው። በሚል ካርድ ላይ ባርኮድ ታትሞ ስካነር ይገዛል። ዩኤስቢ ስካነር ለኮምፒውተሩ ኪቦርድ ነው፤ ያነበበውን ይተይባል። ኮምፒውተሩ ላይ አማርኛ መጻፊያ ተከፍቶ ከሆነ ያው የተማሪ መለያ ተለውጦ በግዕዝ ፊደል ይወጣል፤ ፕሮግራሙ "የለም" ይላል፤ ልጁ ምሳ ሳይበላ ይመለሳል። ስካነሩ ተበላሽቷል ተብሎ ሌላ ይገዛል። መድኃኒቱ ያን ማሽን በእንግሊዝኛ ኪቦርድ መቆለፍ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወጥ ቤቱ በእንጨት ይቀጥላል፣ በሩ ግን ይቆማል። ስለዚህ በሩ ላይ ላፕቶፕ ይሁን፣ የዕለቱ ዝርዝር በውስጡ ይኑር፣ ሁለቱን በር የሚያገናኘው ራውተር ባለ 12 ቮልት የራሱ ባትሪ ይኑረው። አለዚያ አንዱ በአንዱ በር በልቶ በሌላው ይገባል። ካርዱ የሚያብረቀርቅ ላሚኔሽን ከሆነ ስካነሩ ላያነበው ይችላል፤ ደብዛዛውን ምረጡ።

ሁለተኛው አጭር መልእክት ነው። የምዝገባ ቀንና የዶርም ምደባ በኤስኤምኤስ ይላካል። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ቁምፊ ይይዛል፤ በአማርኛ 70 ብቻ። 71 ሲሆን ሁለት መልእክት ሆኖ ይቆጠራል፣ ያኔም እያንዳንዱ ክፍል 67 ነው የሚይዘው። "ውድ ተማሪያችን፣ ዩኒቨርሲቲያችን በታላቅ አክብሮት" እያላችሁ ስትጀምሩ ለሺዎች ተማሪ እጥፍ ትከፍላላችሁ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ይዘው የሚመጡትን ብቻ ጻፉ፤ በአማርኛ ጻፉ፤ በ70 ቁምፊ ይበቃል።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የተማሪ ክሊኒክ መዝገብ ከሬጅስትራር ሥርዓት ጋር አይገናኝ። አንድ መለያ ሁሉን ይክፈት የሚል ሐሳብ በየስብሰባው ይነሳል፤ ሥራ ያቀላል። ግን ለምክር አገልግሎት የሄደች ልጅ መዝገቧን የዶርም ፕሮክተር ሊያየው እንደሚችል ካሰበች ሁለተኛ አትሄድም።

ሦስተኛው፣ ርክክብ። ፕሮጀክቶች የሚሞቱት እዚህ ነው።

ሰርቨሩ የተከራየው በተማሪው የግል ኢሜይል ነው። ይመረቃል፣ አዲስ አበባ ይገባል፣ የእድሳት ማስታወቂያው ለእሱ ይመጣል፣ አያየውም። የዌብሳይቱ የደኅንነት ሰርተፍኬት ነፃው ከሆነ ቢበዛ በ90 ቀን ያልቃል፤ የሚያድሰው ፕሮግራም ከቆመ ብሮውዘሩ ሰውን ያስፈራራል፣ ሰው ይሸሻል፣ ቢሮው "ሲስተሙ አይሠራም" ብሎ ወደ ወረቀቱ ይመለሳል። ያቺ ወረቀት ደግሞ ታማኝ ናት፤ ሰርተፍኬት አያልቅባትም።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ከዲፌንስ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ኮዱ በክፍሉ ስም በተከፈተ አካውንት ተቀምጧል ወይ? ሰርቨሩና ዶሜኑ በቢሮ ኢሜይል ናቸው ወይ? የይለፍ ቃሎቹ በታሸገ ፖስታ ኃላፊው ካዝና ውስጥ ናቸው ወይ? እንዴት እንደሚከፈት፣ እንዴት እንደሚዘጋ፣ ሲበላሽ መጀመሪያ ምን እንደሚታይ የሚናገር አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል ወይ? የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ያን ገጽ ብቻ አይታ፣ ተማሪዎቹ ዝም ብለው ቆመው፣ ሥርዓቱን ዘግታ መክፈት ትችላለች ወይ? ካልቻለች ሥራው አላለቀም።

ከዚህ የሚከብድ ልመና አለኝ። የነበረን ሥርዓት ማስቀጠል እንደ መመረቂያ ፕሮጀክት ይቆጠር። አሁን "አዲስ አይደለም" ተብሎ ይመለሳል። ከሁለት ዓመት በፊት የተሠራ የካርድ ሥርዓት ላይ የካሌንደሩን ስሕተት ያረመ፣ የተደጋገሙ ካርዶችን የሚያገኝ ፍለጋ የጨመረ፣ ቅጂውን መልሶ የፈተነ ቡድን ከዜሮ ከጀመረው ያነሰ ምን ሠራ? በእኔ አመለካከት የበለጠ ነው የሠራው። አራተኛ ዓመቱ ሲመረቅ ሦስተኛ ዓመት ላይ ያለ ልጅ አጠገቡ ተቀምጦ ይቆይ፤ ሥርዓቱ ያለ ተረካቢ አይደር።

ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎችም አንድ ሰው መድቡ። ኮሚቴ አይደለም፣ አንድ ሰው። ልጆቹ ሲመጡ የሚቀበላቸው፣ መዝገቡን የሚያሳያቸው፣ ሲሳሳቱ የሚነግራቸው።

ተማሪዎች፣ አብሽሩ፤ ይህ ሁሉ የሚያስፈራ አይደለም። ርእስ ከመምረጣችሁ በፊት አስፈቅዳችሁ አንድ ካርድ ክፍል ውስጥ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተቀመጡ። ላፕቶፕ አትክፈቱ። ስንት ካርድ ተፈልጎ እንደታጣ፣ ስንቱ በአዲስ እንደተተካ፣ ስም ስንት ዓይነት እንደተጻፈ፣ መብራት ሲጠፋ ሠራተኛዋ ምን እንዳደረገች ቁጠሩ። የታካሚ ስም ወደ ደብተራችሁ አትገልብጡ፤ ቁጥሩን ብቻ። ከዚያ የመዝገቡን ዓምዶች አንድ በአንድ ጠይቁ፤ ይህ ዓምድ ለምን ኖረ፣ ማን ያነበዋል፣ ባዶ ሲቀር ምን ይሆናል? ያን ደብተር ይዛችሁ ወደ አማካሪያችሁ ሂዱ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከካርድ ክፍል የመጡት ይቅደሙ።